ስክሪኑን አላበራም

ኪሱሙ፣ ማንያታ
ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2019

ለኦዴራ፤ በወረቀት ባሌ ለሆንከው፣ በድምፅ ደግሞ ከዚህ ቤት አንድ ቀን ወጥተህ ለማታውቀው፦

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ይህን የመጀመሪያ መስመር ያዘዙኝ እናትህ ናቸው። «መጀመሪያ ደህንነቱን ጠይቂው፤ ቁጣው የትም አይሄድብሽም» አሉኝ። ስለዚህ ጠይቄሃለሁ።

ዝናቡ ገብቷል። የኩሽናው ጣሪያ አምና ባፈሰሰበት ቦታ ያፈሳል። አናጢው መጥቶ አየውና «ይኼማ ለምዷል» ብሎ ሄደ፤ ሊጠግን ሳይሆን ሊመሰክር የመጣ ነው የሚመስለው። መብራት እንደፈለገ ይሄዳል፣ እንደፈለገ ይመጣል። የእናትህ ጉልበት ደመናውን ከሬዲዮአችን ቀድሞ ይናገራል፤ ከሬዲዮአችንም ያነሰ ይሳሳታል። የላክኸው የቱሊፕ ፎቶ ደርሶኛል። የሬዲዮ ጣቢያችን ዜና አንባቢ ኦጉቱ አይቶልኝ «ቀይ ናቸው፤ ብዙ ናቸው» ብሏል። አመሰግናለሁ። ለማታይ ሚስቱ የአበባ ፎቶ የሚልክ ባል ወይ አለማየቷን እስኪረሳ ድረስ ይወዳታል፣ ወይ ራሷን ረስቷታል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አልተጣደፍኩም።

እንግዲህ ደህንነት ተጠየቀ። ወደ ቁጣው።

ባለፈው ሐሙስ አዲሱን ካላሙ ጫንኩ። በዚህ ሳምንት ዓርብ በይፋ ከመውጣቱ በፊት ለእኛ ለድሮዎቹ ሠሪዎችና ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሚላከውን የሙከራ እትም። ካላሙ አሁን የኩባንያህ ደንበኞች በየአገሩ የሚጽፉበት ፕሮግራም ሆኗል፤ እዚያ ኔዘርላንድስ፣ ግሮኒንገን ያሉት ባልደረቦችህ ግን የተወለደው በዚህ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ባያውቁም አልፈርድባቸውም። አንተ ጽሑፍ የሚይዘውን ክፍል ስትጽፍ እኔ ለውጥ ሲኖር ድምፁን የሚጠሩትን መንጠቆዎች ስጽፍ፣ አንዱን እግሩን በጡብ ያስደገፍነው ይኸው ጠረጴዛ ነው። ጡቡ አሁንም አለ።

እንደምታውቀው እናትህ ከሰዓት በኋላ ኦቾሎኒ ሊፈለፍሉ እኔ ጋ ይመጣሉ። በዚህ ግቢ ኦቾሎኒ የሚፈለፈልበት ቦታ ሞልቷል፤ ጥላም አለ፣ ነፋስም አለ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ስበው ከላፕቶፑ ጎን ነው የሚቀመጡት። ምክንያቱን አንድም ቀን አልተናገሩም፣ እኔም አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። ላፕቶፑ ውስጥ የሚናገረው አንተ ነህ። ያኔ ሉኦኛ የሚያነብልኝ ማሽን በዓለም ላይ ስላልነበረ ፍራሽ ተከናንበህ እያንዳንዷን ክፍለ ቃል በድምፅህ ቀዳህልኝ። «ኮ» ስትል ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። አፍንጫ የምትፈልገዋን የ«ንግ» ድምፅ የቀዳህ ቀን ደግሞ ጉንፋን ይዞህ ነበር፤ ስለዚህ ያቺ ድምፅ ያለችባት ቃል በመጣች ቁጥር አፍንጫህ ይደፈናል። በሉኦኛ ደግሞ ያቺ ድምፅ የማትገባበት የለም። እናትህ ኦቾሎኒያቸውን እየፈለፈሉ «ይኼ ጉንፋን እስከ መቼ ነው?» ይላሉ፤ እኔም «ያልፍለታል ማማ» እላለሁ። ጎረቤታችን የኦቹካ እናትማ በአጥር በኩል አንድ ቀን ይዘውኝ፣ «ባልሽ ውጭ አገር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ እሰማዋለሁ» አሉኝ። «ድሮም የተገላቢጦሽ ነው» አልኳቸው፤ «እዚህ ሲኖር ዝም ይል ነበር።»

ሐሙስ የምሽቱን ዜና እያረምኩ ነበር። ኮንዴሌ ላይ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ሰዉ ጫማውን አውልቆ ስለሚሻገርበት ጉዳይ። አዲሱን ካላሙ ከፍቼ ቀስቱን ወደ ታች ነካሁ። ዝም። አሁንም ነካሁ። ዝም። አንዲት ቃል ጻፍኩ፤ ለራሴ ብቻ የጻፍኳት ይመስል ዝም።

የኦቾሎኒው ድምፅም ቆመ።

«ልጄ ምን ሆነ?» አሉ እናትህ።

«ምንም አልሆነም ማማ፤ ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑን መች ጠየቅኩሽ። ልጄን ነው ያልኩት።»

ስልክ ደውዪ አሉኝ፤ ደወልኩ፤ አላነሳህም። ስብሰባ ላይ ነበርክ፤ መቼስ እዚያ ስብሰባ የአየር ንብረቱ ነው። አመሻሹ ላይ ስትደውል ስልኩን ለሳቸው ሰጠሁ። «ደህና ነኝ ማማ» አልካቸው። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ስልኩን ሲመልሱልኝ በጥርጣሬ ነበር፤ «ጉንፋን የለውም» አሉ። «ይኼ እሱ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?»

ከስልኩ በፊት ግን ዜናው ስላልደረሰው ኦጉቱ በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ዝናቡን እየጠጣ መጣ። ያ ከሆዱ ያገሳል የሚባለው ድምፁ ገና ከበሩ ይሰማል፤ የሚጠራኝም በትውልድ ቀዬዬ ስም ነው። «ዛሬ ቧንቧ አልፈነዳም እንዴ የአሌጎ ልጅ? ሰዉ እኮ ቧንቧው ዳር ሬዲዮ ይዞ ቆሟል!»

«ዜናው አለ፤ ባሌ ነው የተዘጋው።»

«እስቲ ልየው» ብሎ ተቀመጠና «ይኼ ነገር እኮ ጨለማ ነው» አለ፤ ወዲያው ስክሪን የሚያበራውን ቁልፍ ተጫነ። በዚያች ቅጽበት አንተ «የውኃ ቧንቧ» ብለህ ጀመርክ። ኦጉቱ መልሶ አጠፋው። ዝም። አበራው። «ፈንድቶ» አልክ። አጠፋው። ዝም።

«ባልሽ ጨለማ ይፈራል እንዴ?» አለኝ።

እናትህ ከጎን ሆነው፣ «ልጅ ሆኖ ይፈራ ነበር» አሉ።

የእኔ ስክሪን ይህ ላፕቶፕ ከተገዛ ጀምሮ ጥቁር መሆኑን ታውቃለህ። የሁላችንም እንደዚያው ነው፤ ዓይነ ስውር ሆኖ ስክሪን የሚያበራ ሰው ካገኘህ እንግዳ ስለሚጠብቅ ነው። ስክሪን ቻርጅ ይበላል። ዝናብ ሲገባ ደግሞ ቻርጅ ማለት ዜና መድረስና አለመድረስ ነው። ደግሞም ጠፍቶ እያለ ከኋላዬ የሚያልፍ ሰው የምጽፈውን አያነብብኝም፤ ይህን ጥቅም የሚያዩ ሰዎች አስበውት አያውቁም።

ኦጉቱ ዜናውን ይዞ ከሄደ በኋላ የቀየርከውን ኮድ ከፍቼ አነበብኩ፤ በአሮጌው እትም ነው ያነበብኩት፤ አዲሱ ስለ ራሱ ሊነግረኝ አልቻለምና። ስምህ ከላይ አለ። ከሥሩ ለውጡን የምታስረዳበት አንድ መስመር አለች፦ «ማንም በማያይበት ጊዜ የሚሠራን አላስፈላጊ ሥራ ያስቀራል።» በራስህ ድምፅ ነው ያነበብክልኝ። ድገመው አልኩህ፤ ደገምከው። በጣም በጥሩ ሁኔታ ነው የምታነበው።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት እናትህ ነገሩን አስረጂኝ አሉ፤ አስረዳኋቸው። አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን አንዳንድ ነገር ለእናት እንደሚነገረው ሆኖ ሲነገር መስማት ይጠቅማል።

«ማማ፣ ቁልፍ ስነካ ሁለት ነገር ይሆናል። በመጀመሪያ ጽሑፉ ይለወጣል፤ ያ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው፤ ማንም አያየውም። ቀጥሎ ማሽኑ የተለወጠውን ስክሪኑ ላይ ይስለዋል። ድምፁ ደግሞ መንጠቆ አለው፤ ‹አንድ ነገር ሲለወጥ ጥሩኝ› ብሎ የሰቀለው። ድሮ ጽሑፉ ሲለወጥ ወዲያው ይጠራ ነበር። ኦዴራ መንጠቆውን ከዚያ ነቅሎ ከሥዕሉ ጅራት ላይ ሰቀለው፤ አሁን የሚጠራው ሥዕሉ ሲያልቅ ነው። ከዚያ ስክሪን ሲጠፋ ‹ማን ሊያየው› ብሎ መሳሉን ተወው። ካልሳለ አያልቅም፤ ካላለቀ አይጠራም።»

እናትህ ፈለፈሉ። ሦስት ኦቾሎኒ ያህል።

«ጀልባ ሐይቁ ዳር፣ ዱንጋ ሲደርስ ሰው ይጮኻል አይደል?»

«ይጮኻል።»

«እሱ የሚለው ሠዓሊ መጥቶ ጀልባዋን ስሎ እስኪጨርስ አትጩኹ ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«ሠዓሊው ዝናብ ፈርቶ ቢቀርስ?»

«ጀልባዋ አልደረሰችም ማለት ነው።»

«ዓሣውስ?»

«ይሸታል።»

«ማን ነው ይኼን ያስተማረው?» አሉ በንዴት።

«እርስዎ አሳደጉት፤ እኔ አገባሁት፤ የቀረውን እንካፈል» አልኳቸው።

አሁን ፍትሕ ላድርግልህ፤ ምክንያት እንዳለህ አውቃለሁ። መንጠቆዎቹ ቀድመው ሲጠሩ አንዳንዶቹ ስክሪኑን «የላይኛው መስመር የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁታል፤ ስክሪኑም ገና ስላልተሳለ ያለፈውን ይመልስላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ከተሳለ በኋላ ቀለም ይቀይሩና እንደገና መሳል ግድ ይሆናል፤ ስክሪኑም ብልጭ ድርግም ይላል። ደንበኞቻችሁ ዓይናችንን አመመን ብለው አቤት ብለዋል። አዝናለሁ። እኔን እስካሁን አላመመኝም።

ስለዚህ ያየኸው ችግር እውነት ነው። መፍትሔህ ግን የሚያይ ሰው መፍትሔ ነው፤ ነገር የሚሆነው ሲታይ ነው ብሎ የሚያምን ሰው መፍትሔ። ይህን ስሕተት ከእናንተ በቀር ማንም አይሠራውም። የዓይነ ስውራን ቡድን ቢሆን ኖሮ ይህን ፕሮግራም የጻፈው፣ ስክሪን መሳሉን ራሱ ረስተነው በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው «ለመሆኑ ይኼ መስታወት ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ የካላሙ ሠሪዎች የኢንተርኔት ስብሰባ ሆነ። የሰብሳቢያችንን የሙቺሪን ድምፅ ከናይሮቢ ስሰማ ደስ አለኝ፤ ጨዋ ሰው ነው፤ እምቢ ሲል እንኳ ወንበር ስቦልህ ነው።

«እህቴ አፖንዲ፣ ሰምተንሻል። መፍትሔው እኮ ቀላል ነው፤ ስክሪኑን አብሪው።»

«ለማን?»

«እ?»

«ለማን ላብራው? እዚህ ቤት ያለነው እኔ፣ አማቴና አንዲት ዶሮ ነን። አማቴ ኦቾሎኒያቸውን ነው የሚያዩት። ዶሮዋም ኦቾሎኒውን ነው የምታየው።»

«አይ፣ ለፕሮግራሙ ማለቴ ነው።»

«ፕሮግራሙ ያያል?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሙቺሪም ሳቀ፤ ሲስቅም ጨዋ ነው።

«ስሚኝ፣ ለውጡ እኮ ብክነት ለመቀነስ ነው። ባዶ ስክሪን ላይ መሳል ብክነት ነው።»

«እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት አላበራም፤ አባቴ ከዚያ በላይ ምንም አላስተማሩኝም። እናንተ ብክነት ለመቀነስ እኔ ማባከን ልጀምር?»

«እሺ፤ እንግዲያው ለማያዩ ሰዎች ልዩ አሠራር እናበጃለን። አንድ ምርጫ ትነኪያለሽ፣ አለቀ።»

«አንተ ለሚያዩ ሰዎች የተበጀ ልዩ አሠራር ትነካለህ?»

«እሱማ ዋናው ነው።»

«እንግዲያው እኔም በዋናው በር ነው የምገባው። በጓሮ የሚገባ ሌባና ዘመድ ነው፤ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። የቤቱ ሠሪ ነኝ።»

አንተ እዚያ ነበርክ። ወንበርህ ሲጥ ሲል ሰምቻለሁ፤ በኔዘርላንድስም ወንበር ሲጥ ይላል ማለት ነው። መንጠቆዎቹን እኔ መጻፌን ከእኔ ሌላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ጠበቅኩህ። ከዚያ ማይክህን የዘጋህባትን ትንሿን «ጠቅ» ሰማሁ። የሚያይ ሰው ያቺን ጠቅታ አይሰማትም፤ ለእሱ አንዲት ቀይ ምልክት ናት። ለእኔ ግን በር ናት።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ መልእክትህ መጣ፦ «አፖንዲ፣ ኩባንያው ዓርብ ያወጣዋል፤ እዚህ አስቸጋሪ ሁኔታ ላይ ነኝ። እባክሽ እስከዚያ ስክሪኑን አብሪውና ጉዳዩን አታክርሪው። በኋላ አስተካክለዋለሁ። ደግሞ ያንን የድሮ ድምፅ ብትተዪው ጥሩ ነው፤ ኩባንያው የተሻለ አለው፤ ጥርት ያለ፣ ዶሮ የሌለበት።»

ይህንንም አንተው ነህ ያነበብክልኝ። እናትህ አጠገቤ ነበሩ። «ምን አለ?» አሉኝ። «ሰምተውታል» አልኳቸው።

መልሴ ይኸውልህ፤ በየተራ።

«በኋላ» የምትላትን ቃል በደንብ አውቃታለሁ፤ በዚህ ቤት የራሷ ወንበር አላት። በኋላ ጣሪያውን አሠራዋለሁ። ሥራው ሲረጋጋ በኋላ እመጣለሁ። በኋላ አንቺ ትመጫለሽ። ይኼ ከሄድክ ሦስተኛው ዝናብ ነው፤ ቃሏ ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች፤ ጠብታውም እሷ ላይ ነው የሚወርደው።

ስለ ድምፁ፦ የኩባንያህን ድምፅ ሞከርኩት። እውነትም ጥርት ያለ ነው። የሞት ማስታወቂያዎቻችንን አስነበብኩት፤ የሚሸጣቸው ይመስላል። የአያቴን ስም ደግሞ እንደ ወባ መድኃኒት ጠራው። እናትህ ትንሽ ካዳመጡ በኋላ «ይኼ ሰውዬ ማን ነው? ከቤቴ ይውጣ» አሉ። አስወጣሁት። ዶሮው ይቆያል። ጉንፋኑም ይቆያል።

ስለ ስክሪኑ፦ አላበራም። ለዛሬም፣ እስከ ዓርብም፣ እስኪያልፍም። ቻርጁ ተርፎኝ መብራቱም ሌት ተቀን ቢኖርልኝ ኖሮ እንኳ አላበራም። ልታገባኝ ስትል እናትህ «ታበስላለች?» ብለው ሲጠይቁህ እኔ ደግሞ «እሱስ ያበስላል?» ብዬ የጠየቅኩ ሴት መሆኔን አትርሳ። ያኔም አለማየቴን ደብቄህ አላገባሁህም። ለማያየኝ ነገር የማይታየኝን መብራት ይዤ አልቆምም።

ስለ ማክረሩ፦ አክርሬዋለሁ። እሑድ እናትህ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ኮዱን ከፍቼ መንጠቆውን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ «ሆነ» የሚል ነው፤ ጽሑፉ ሲለወጥ ወዲያው ይጠራል፤ ስክሪን ይኑር አይኑር፣ ይብራ ይጥፋ አይጠይቅም። ሌላው «ተሳለ» የሚል ነው፤ የስክሪኑን መልክ መጠየቅ የሚፈልጉ ሁሉ እዚያ ይሰለፉ፤ ትኩስ መልስ ያገኛሉ፤ ብልጭ ድርግምም አይኖርም። ኦጉቱ ስክሪኑን አብርቶ አይቶልኛል፤ «እንደ ሐይቁ ጠዋት ረግቷል» ብሏል። የደንበኞችህ ዓይንም ይድናል፤ እኔም እሰማለሁ። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየት ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ትናንት ሰኞ ጠዋት ላክሁላችሁ። ሙቺሪ «በጣም ጥሩ ሥራ ነው፤ ከዓርብ በኋላ እናየዋለን» ብሎ መለሰ። እንደምታየው «በኋላ» ናይሮቢም ዘመድ አላት። ስለዚህ አልጠበቅኩም። ያኑ ዕለት ከሰዓት ለሚፈልግ ሁሉ አወጣሁት። ሬዲዮ ጣቢያው ወስዶታል። በላይኛው መንገድ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህራን ወስደውታል፤ አንደኛዋ ደውላ፣ «የእኛም ማሽኖች ከሐሙስ ጀምረው ዝም ብለውብን በኤሌክትሪኩ እየፈረድን ነበር» አለችኝ። ስሙን ካላሙ ብዬዋለሁ። ሙቺሪ «ሌላ ስም ስጪው እንጂ፤ ሰው ይደናገራል» ብሎኛል። የለወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሌላ ስም የሚያስፈልገው ለናንተው ነው።

ይህን ደብዳቤ ኦጉቱ ጣቢያው ላይ አትሞ በፖስታ ይልክልሃል። በኢሜይል ያላደረግኩት አስቤበት ነው። ሲደርስህ ዓርብ አልፏል። የላክሁትን ተቀብለኸው ይሆናል፣ ትተኸው ይሆናል፤ ያኔም ማይክህን ዘግተህ ይሆናል። የዋናው ኮድ ቁልፍ በእጅህ ነውና ምርጫው ያንተ ነው። ብቻ ልመናዬን ሰምተህ አደረግኸው እንዳይባል ፈለግኩ፤ ልመና የለበትምና። እኔ የምነግርህ የሆነውን ነው። ሆኗል። አንተ ስታነበው አይደለም የሆነው።

እሑድ እናትህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዝናብ ነበር፤ መብራትም ሄዶ ነበር። ወንበራቸውን ሳቡ፤ የኦቾሎኒውን ሰፌድ ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ግን አልጀመሩም። ጥቁሩን ስክሪን ፊቴ አድርጌ ቀስቱን ወደ ታች ነካሁ።

«በኮንዴሌ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ» አልክ፤ ዶሮው «ኮ»ዋ ላይ ጮኸ፤ አፍንጫህ ተደፈነ።

«ጉንፋኑ አልለቀቀውም» አሉ እናትህ፤ የመጀመሪያዋንም ኦቾሎኒ ሰበሩ።

ምርቃታቸውን እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ፦ መንገድህ ውኃ አይያዘው፤ ጉንፋንህ እንጂ ሌላ ነገር አይያዝህ፤ የምትበላው ዓሣ ትኩስ ይሁን፤ ስምህን በትክክል የሚጠራ ሰው አይጥፋብህ። እኔም አሜን ብያለሁ፤ በመጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ።

የአሌጎ ልጅ፣
አፖንዲ

ከፊርማው በታች ደግሞ፦ ይህን ሁሉ ስጽፍ ቃል በቃል ያነበብክልኝ አንተ ነህ። ስለዚህ የተቆጣህ በራስህ ድምፅ ነው፤ እኔ መተየብ ብቻ ነው የሠራሁት። ከምርቃቱ በፊት አንዲት አጭር መስመር ጽፌ ነበር፤ ሳልጨርሳት መልሼ አጠፋኋት። ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ የትም አልተሳለችም፤ ኦጉቱም አትሞ አያገኛትም። መንጠቆው ግን ወደ ድሮ ቦታው ተመልሷልና፣ ሳላጠፋት ብለሃታል። እናትህ ሰምተዋል። ኦቾሎኒያቸውን ሳያቆሙ፣ «በል፣ እንዳልከው ና» አሉህ።